የአክስቴ የአሜሪካ ብር

ላሊበላ ያደገ ልጅ የውጭ አገር ሳንቲም ይሰበስባል። እውነቱን እናውራ ከተባለ አይሰበስብም፤ «ለኮሌክሽን ነው» ብሎ ከአንዱ ቱሪስት ይቀበልና ጥግ ዞሮ ለሌላው ቱሪስት በብር ይመነዝራል። ባንክ የፈረንጅ ዝርዝር ሳንቲም ስለማይቀበል ንግዱ ተቀናቃኝ የለውም። እኔም ደብተሬንና እርሳሴን የገዛሁት በዚሁ ነው። የልጅነት ውሸቴ ግን ቂም ይዞ ኖሯል፤ አርባ ዓመት ሲሞላኝ እውነት ሆኖ መጣና ሰብሳቢ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

በሽታውን ያስያዙኝ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። ገና ሰሞን ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሳለ ከኪሳቸው የብር ዶላር አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ሞርጋን ይሉታል፣ በቀረፀው ሰው በጆርጅ ሞርጋን ስም። መመታት የጀመረው በፈረንጅ 1878 ነው። ክብደቱ 26.73 ግራም ሲሆን ከመቶ ዘጠናው ንጹሕ ብር ነው። እኛ ጠገራ የምንላት ማርትሬዛ 28 ግራም አልፋ በክብደት ትበልጠዋለች፤ እሱ ደግሞ በጥራት ይበልጣታል። ከጀርባው፣ ከጉንጉኑ ሥር፣ አንዲት ፊደል ካለች የተመታበትን ከተማ ትናገራለች፤ ፊደል ከሌለ ፊላደልፊያ ነው። ሽማግሌው ሌላም ነገር ደጋግመው ነገሩኝ፣ ሁለት እጃቸውን እንደሚያሽ ሰው እያደረጉ። ከበሮው በዝቶ አልሰማሁም። «ሳንቲም ነክተሃልና እጅህን ታጠብ» ያሉኝ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ «አሮጌ ብር አለህ ወይ?» ማለት ሆነ ሥራዬ። በመጨረሻ ከአሸተን ማርያም በላይ፣ ወደ አቡነ ዮሴፍ በሚወስደው ደጋ ከምትኖረው አክስቴ ዘንድ ወሬ መጣ፤ «የአሜሪካ ብር አለኝ» ብላለች። ሌሊቱን ሞርጋን በሕልሜ ሲንከባለል አደረ። ሲነጋ ቡናና ስኳር ይዤ ዳገቱን ተያያዝኩት። የአሸተንን ዳገት የወጣ ያውቀዋል፤ ግማሹ ላይ ሰው ኃጢአቱን ይቆጥራል፣ እኔ ግን ዶላር እየቆጠርኩ ወጣሁ።

አክስቴ ከሙዳይዋ አንዲት የተቋጠረች ጨርቅ አወጣች። ሲፈታ፣ በጭስና በቅቤ የጠቆረች፣ ከሞርጋን በእጅጉ የምታንስ ነገር ብቅ አለች። ፊቷ ላይ የሚታየው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ጃንሆይ ናቸው።

«እትዬ፣ ይቺኮ የጃንሆይ ሽልንግ ናት!» ብዬ ሳቅሁ።

«የአሜሪካ ብር ናት። በተወለድኩ ዓመት፣ በ1938፣ አባባ ወልዲያ ማር ሽጦ ያመጣት ናት። ነጋዴው ከአሜሪካ በመርከብ የመጣ ብር ነው ብሎታል።»

«አንበሳውስ? አሜሪካም ሞዓ አንበሳ አለው?»

«አንበሳውን እኔ አላመጣሁትም» አለችኝና ቡናውን መቁላት ጀመረች።

አሳይቼ ልመልስ ተዋስኳት። ከተማ ስወርድ አንድ ነጋዴ አጥንቴን የሚያቀዘቅዝ ነገር ነገረኝ። ያኔ ከሽልንጉ ጋር አብራ የወጣችው ስሙኒ ክብ መዳብ ነበረች፤ በመጠን ከሽልንጉ ስለምትቀራረብ አጭበርባሪው የብር ውኃ እያጠጣ ሽልንግ ነው ብሎ ይሰጥ ነበር። መንግሥት ሰብስቦ ስሙኒዋን ዙሪያዋ እንደ አበባ የተከረከመ አድርጎ እስኪያወጣት ድረስ ብዙ ሰው ተበልቷል። የአክስቴ ደግሞ ጽሑፏ በጥላሸት ተደፍኖ አይነበብም። አባባ ተበልቶ ቢሆንስ? መዳብ ከሆነች ሲፈተግ ቀይ ማለቷ አይቀርም ብዬ ሎሚና አመድ አቀረብኩ። ፈተግኩ። ቀይ አልወጣም። አሁንም ፈተግኩ። ማታ ላይ እንደ ጥምቀት ጽንሐሕ የምታብረቀርቅ፣ «፲፱፻፴፮» የሚለው ቁጥሯ ጥርት ብሎ የሚነበብ ብር እጄ ላይ ነበረች። በኩራት ለሰፈሩ ሁሉ አሳየሁ።

በዚያው ሰሞን ለጉዳይ አዲስ አበባ ወረድኩ። ፒያሳ ያኔ አልፈረሰም። አሮጌ ገንዘብ የሚያውቁ አንድ አዛውንት ብሯን አገላብጠው አዩዋት፣ መዘኗት፣ ከዚያ እኔን ረዘም አድርገው አዩኝ።

«ማነው ያጠባት?»

«እኔ ነኝ» አልኩ ምስጋና እየጠበቅሁ።

«ቆዳዋን ገፈሃታል። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዚያ ለጠቆረው ነበር። አሁን የቀረህ 7 ግራም ነው፤ እሱም ከመቶ ሰማንያው ነው ብር። ያውም ሰማንያ ከሆነ።»

የሽማግሌው እጅ ማሸት ትርጉሙ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ የብሯን ታሪክ አጫወቱኝ። ሕዝቡ ጠገራ የለመደ ነውና ወረቀት ብቻ ቢሰጠው እንደማያምን ስለታወቀ፣ በሐምሌ 1937 አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ ሽልንጉ ከብር ተሠራ። ብሩን በጦርነቱ ዘመን ያበደረችን አሜሪካ ናት፤ ከ5 ሚሊዮን አውንስ በላይ። የተመታውም እዚያው ፊላደልፊያ ነው። በኋላ ለንደን ሲመታ የብሩ መጠን ወደ ሰባ ወረደ፣ ፊቷ ላይ ያለው ዓመት ግን ያው 1936 ሆኖ ቀረ። 1780 ላይ እንደቆመችው እንደ ማርትሬዛ ማለት ነው።

«ታዲያ ይቺ የትኛዋ ናት?» አልኳቸው።

«የለንደኑ ከ1939 በፊት አልተመታም። ባለቤቷ መቼ እንዳገኟት የሚያውቅ ሰው አለ?»

አለ። ሞዓ አንበሳ አለው ወይ ብዬ የሳቅሁባት ሴት ናት።

ለፋሲካ ብሯን ይዤ ዳገቱን እንደገና ወጣሁ። ፊላደልፊያንም፣ መርከቡንም፣ የአባባ ነጋዴ እውነተኛ እንደነበርም ተረክሁላት። አክስቴ እንግዳ ነገር አልሆነባትም፤ እሷ ይህንን ድሮም ታውቀዋለች። ጨርቁን ፈትታ ብሯን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግታ አየችና መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠቻት።

«ይቺ የኔ አይደለችም፤ የኔዋ ጥቁር ናት።»

ማልኩ፣ ተገዘትኩ። አልተቀበለችም። ብሯ ይኸው እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለች። በየዓመት በዓሉ ስወጣ አክስቴ ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ «የአሜሪካ ብሬን መቼ ነው የምታመጣልኝ?» ትለኛለች።