ሰማያዊው ሞርሞራ

በ1 ለ50,000 ካርታ ላይ የሞርሞራ ወንዝ ሰማያዊ ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት ወርዶ ያየው ሰው ግን ማኪያቶ ይመስለዋል።

ክብረ መንግሥት ውስጥ ቢሮ የተሰቀለ ካርታ ክብሩ ትልቅ ነው። ማንም አያነበውም። እንግዳ ሲመጣ ግን ኃላፊው እስክሪብቶውን ይዞ ይነሣና በአየር ላይ ክብ ይሠራል፦ «እንግዲህ እኛ ያለነው እዚህ አካባቢ ነው።» ክቡ ሻኪሶን ይውጣል፤ ኃላፊው ሞቅ ካለው ነገሌንም ይጨምራል።

የአዋታና የሞርሞራ ወንዞች ወደ ዳዋ ይወርዳሉ፤ ዳዋ ዶሎ ድረስ ተጉዞ ከገናሌ ጋር ይገናኝና ጁባ ተብሎ በሶማሊያ በኩል ህንድ ውቅያኖስ ይገባል። ሰፋ ባለ ካርታ ላይ ይህን በጣት መከተል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ያም ሆኖ በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ 254 ሜጋዋት ግድብ «ገናሌ ዳዋ 3» ስለተባለ ብቻ ሁለቱ ወንዞች አንድ ላይ የተገደቡ የሚመስለው ስንቱ ነው! የተገደበው ገናሌ ነው። ዳዋ ያዋጣው ስሙን ብቻ ነው።

ካርታውን የሚያነበው ሰው ቢገኝስ? እሱም ወንዙን ቦታው ላይ አያገኘውም። ክብረ መንግሥት ባለችበት በአዶላ ምድር ከ1930ዎቹ ጀምሮ ወርቅ ከወንዝ አሸዋ ይታጠባል። ወርቁ ደግሞ ውሃው ዛሬ በሚሄድበት ብቻ ሳይሆን ድሮ በሄደበትም ተኝቷል። ስለዚህ ቆፋሪው ጅረቱን ወደ ጎን ያዞራል፣ የነበረበትን ይቆፍራል፣ ካልቀናው መልሶ ያዞረዋል። ካርታ የሚታረመው በስንት ዘመን አንዴ ነው፤ ጅረቱ ግን በሳምንት ሁለቴም ይታረማል። የከፍታ መስመሩም የሚሰመረው በየ20 ሜትሩ ስለሆነ፣ 15 ሜትር የወረደ ጉድጓድ በመስመሮቹ መካከል ሾልኮ ሊያመልጥ ይችላል።

ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ባለሙያ ጂፒኤሱን እያየ፣ ቀጥሎም ደረቁን አሸዋ እያየ ግራ ይገባዋል።

«አባባ፣ እዚህ ጋ እኮ ወንዝ መኖር ነበረበት።»

«ነበረ፣ ልጄ። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ነበረ።»

«ታዲያ መቼ ይመለሳል?»

«ወርቁ ሲያልቅ ነዋ!»

እኚሁ አባት ታዲያ ከጎረቤታቸው ጋር በድርሻ ሲጣሉ «ከጅረቱ ወዲህ ያለው የኔ ነው» ብለው ይምላሉ። ጅረቱን አምና ያዞሩት ራሳቸው መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ነገሩ ከሁሉም ወገን ይታያል፣ በመጨረሻም ወሰኑ ጅረቱ ይሁን ተብሎ ይፈረዳል። ሁለቱም ተስማምተው፣ እጅ ተጨባብጠው ይለያያሉ። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ሁለቱም አካፋ ተሸክመው ጅረቱ ዳር ይገናኛሉ።