የሚሸት ቤት

በአዲስ አበባ የቤት ማስታወቂያዎች መካከል ከሁሉ ሐቀኛው «የሚሸት ቤት» የሚለው ሳይሆን አይቀርም። ጥፋቱ የጣት ነው። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደላት ድምፅ በሚያስጽፈው የኮምፒውተር ቁልፍ ሰሌዳ «ት» እና «ጥ» አንድ ቁልፍ ይጋራሉ፤ የሚለያቸው ሺፍት ነው። ደላላው ለሺፍት ጊዜ የለውም፤ ዋጋው ላይ ግን አንዲት ዜሮ ገድፎ አያውቅም።

«ድህነት»ማ የባሰ ነው። በሃሌታው «ህ» ሲጻፍ ማጣት፣ በብዙኃኑ «ኅ» ሲጻፍ መዳን። በ2005 ለ20/80 ወይም ለ40/60 ኮንዶሚኒየም የተመዘገበ ሰው ሁለቱን ቢያምታታ አይፈረድበትም፤ ከደመወዙ እየቆረጠ ባንክ የሚያስገባው ከአንዱ «ህ» ወደ ሌላው ለመሻገር ነበርና። በሐምሌ 2014 የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደግሞ የኮምፒውተር መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ። መንግሥትም፣ ለካ፣ የአጻጻፍ ስሕተት ያርማል።

በሌላ ዕጣ የቤት ቁልፍ የተረከበውስ?

ትናንት ተከራይ ነበር። «ተ»ን በ«አ» ለውጦ አከራይ ሆነና ወዲያው ለጠፈ፦ «ኮንደሚንየም አከራያለው፣ ልጅ ያለው እንዳይደውል»። «አከራያለሁ» ለማለት ነው። ፊደሉን ያረመው አንድም ሰው የለም፤ ስልኩ ግን እስከ ማታ አላረፈም።