ድርሻውን ጣለው

የአክስቴ ልጅ ሠርግ ለዳግማይ ትንሣኤ ይሁን ተባለ። ነገር ግን ገና ነሐሴ 2017 ላይ ነን። የ2018 ካላንደር አልወጣም፣ አዳራሹ ደግሞ ቀኑ ተቆርጦ ቀብድ ካልተከፈለ አልይዝም አለ። በዚያ ላይ ዳታው ሰሞኑን እምቢ ብሏል። “የኔታን ጠይቅ” ተብዬ ከኮተቤ ሽቅብ ወደ የካ ዋሻ ሚካኤል ተላክሁ። በነሐሴ ዝናብ!

ባሕር ዛፉ ውስጥ ጭቃው ያንሸራትታል። ጭራሮ የጫኑ አህዮች ቁልቁል ሲመጡ መንገድ የምለቅ እኔ ነኝ፤ እነሱማ ማን ብለውኝ። አንዷን ላሳልፍ ገለል ስል የግራ ጫማዬ ሶል ጭቃው ውስጥ ቀረ።

የኔታ ከአለት ከተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ቆርቆሮ ጥግ ሥር ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሶሌን በእጄ እንደያዝኩ እጅ ነሳሁና ጉዳዬን ነገርኳቸው።

“ዓመተ ዓለሙን አውጣዋ!”

5500 ዓመተ ፍዳ፣ 2018 ዓመተ ምሕረት፤ 7518። “በ19 ግደፈው” ሲሉኝ ስልኬን አወጣሁ። 395.68421… እያለ ተግተለተለ።

“የምን ነጥብ ነው? ድርሻውን ጣለው፣ ተራፊውን ያዝ።”

ተማሪ ቤት ስንገረፍበት የኖርነው ድርሻ እዚህ ዋጋ የለውም! የተረፈው 13 ነው። አንዱ ለዘመኑ ሲቀነስ ወንበር 12። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። ሁለቱ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ናቸው፤ 11 እና 19 ራሳቸው 30 ስለሆኑ። መጥቅዑ የሚውልበት መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር 25፣ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ይገባል። ለፋሲካ 9 ጨምሮ 34፤ 30ውን ገድፎ ሚያዝያ 4። የኔታ ይህን ሁሉ ሲያወጡ መቁጠሪያቸውን እንኳ አላቋረጡም።

“አዲስ ቀን እንዳይመስልህ ደግሞ” አሉኝ። የጨረቃው ዐውድ 19፣ የፀሐዩ 28 (አራቱ ወንጌላውያን በሰባቱ ዕለታት)፤ ሲባዙ 532፣ ዐቢይ ቀመር። ያ ሲሞላ በዓላቱ ሁሉ በየዕለታቸው ተመልሰው ይመጣሉ። 7518 በ532 ሲገደፍ 70 ይተርፋል፤ አሥራ አራት ዙር አልቆ 2018 የአሥራ አምስተኛው ሰባኛ ዓመት ነው ማለት ነው። በ1486፣ በአፄ እስክንድር ጊዜም፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነበር። ያኔ የአዳራሽ ቀብድ አልነበረም እንጂ።

እዚያው ቆሜ ደወልኩ። “ሚያዝያ 11፣ እሑድ!”

“ተይዟል” አለችኝ ልጅቷ።

“ካላንደር እንኳ ሳይወጣ?”

“ዘበኛችን ዲያቆን ነው፤ የአምስት ዓመቱን አውጥቶ ለጥፎልናል። የ2019ኙ ግን ክፍት ነው።”

የኔታ ጆሯቸው ቀጭን ነው። “7519፤ በ19 ሲገደፍ 14 ይተርፋል…” ብለው ጀመሩ።

“የኔታ፣ ሙሽራዋ ዓመት አትጠብቅም።”

“እንግዲያው ሚያዝያ 18ን ጠይቃት። እሱም እሑድ ነው፤ ለእሱ ማካፈል አያሻም።”