ትንፋሽ ያጠረው ሰልባቲዮ

እናንተ እኩዮቼ፣ ጉልበታችሁ ሲቆረጥማችሁ ዝናብ መምጣቱን የምታውቁ፣ መነጽራችሁን ግንባራችሁ ላይ ሰቅላችሁ ቤት ምድሩን የምታምሱ፣ እስቲ ዛሬ የእኔን ጉድ ስሙልኝ። ስምንተኛው ሺህ በሰው ላይ ብቻ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በሰልባቲዮም ላይ መጥቷል።

የቤንዚን ቋቱን ሰልባቲዮ ያልኩት ሆነ ብዬ ነው። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይጥሩት፤ እኔ ካንዴላን ካንዴላ፣ ካቻቢቴን ካቻቢቴ ብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ቨርጂኒያ ከገባሁ 30 ዓመት አልፎኛል፤ ምላሴ ግን አልተሰደደም።

መኪናዬ ፊያት 124 ስፓይደር ናት፣ በፈረንጅ የ1974 ሥሪት። ይህች መኪና በ1966 ቱሪን ላይ ለሕዝብ ስትታይ መልኳን ያወጣላት ቶም ቻርዳ ነበር፣ ፒኒንፋሪና ቤት ሲሠራ። ሞተሯን የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ደግሞ ከዚያ በፊት ለፌራሪ ሞተር ሲሠራ የኖረ ነው። የዛሬን መኪና ማን እንደሚሠራው እንጃ፤ ሳሙና ሠሪ ሳይሆን አይቀርም። ሁሉም ሟሙቶ ሟሙቶ አንድ መልክ ሆኗል።

እንግዲህ ባለፈው ሐምሌ፣ በዚያ እሳት በሚያዘንበው ሙቀት፣ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ሽር እያልኩ ሳለ መኪናዬ እንደ አስም በሽተኛ ሁለት ጊዜ ሳል ሳል አለችና ቀጥ። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ለቀቀው። ሩብ ሰዓት ቆይቼ ባስነሳት ምንም እንዳልሆነ ተነሣች። ሃያ ደቂቃ ሄደች፤ ደግሞ ሳል፣ ደግሞ ቀጥ። ድሮ ቢሆን! አዲስ አበባ ውስጥ ሴይቼንቶ ታክሲ ሲቆም ሰፈሩ ነቅሎ ወጥቶ ይገፋ ነበር፤ ተሳፋሪው ይወርዳል፣ ሱቅ ያለው ሱቁን ይተዋል፣ ተማሪው ደብተሩን ይጥላል። ስንት ጋብቻ የተጀመረው መኪና በመግፋት ነው። ያኔ መኪና ተበላሽቶ አያውቅም ነበር፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እንገፋው ነበር እንጂ።

ለማናቸውም ወርጄ የቤንዚኑን ክዳን ብከፍት፣ ሽውውው! ብሎ አየር ወደ ውስጥ ማገ። እዚህ ላይ እናቴ ትዝ አለችኝ፣ ነፍሷን ይማርና። የዘይት ቆርቆሮ ስትከፍት በሚስማር ሁለት ቦታ ትበሳ ነበር፤ አንዱ ለዘይቱ መውጫ፣ ሌላው ለአየር መግቢያ። አንዱን ብቻ የበሳ ሰው ዘይቱ ጉልክ ጉልክ እያለ ሲያስቸግረው ይውላል። ሰልባቲዮም ያው ቆርቆሮ ነው። ፖምፓው ቤንዚኑን በሳበ ቁጥር በምትኩ አየር ካልገባ፣ ውስጡ ባዶውን ይጨመደድና ቤንዚኑን አልሰጥም ይላል፤ ሞተሩም ይጠማል። ክዳኑን ላላ አድርጌ ብነዳ፣ ይኸው ቤቴ ድረስ ያለ ሳል ደረስኩ። በሽታው ታወቀ፦ ትንፋሽ ማጣት!

ጥፋቱ የማነው? የአዲስ ነገር! ካሊፎርኒያ ከ1970፣ መላው አሜሪካ ደግሞ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ የቤንዚን ተን ወደ ውጭ አይውጣ ተባለ። ድሮ እኮ እንደ ዕጣን ወደ ላይ ይወጣ ነበር፣ ማንን ነካ? ከዚያ ወዲያ ተኑን በቱቦ ወስደው ከሰል የታጨቀበት ጣሳ ውስጥ ይከቱት ጀመር። ከሰል! ከሰል የቡና ነው ስንል! ተኑ ከሰሉ ላይ ተለጥፎ ይቆይና ሞተሩ ሲነሣ መልሶ ይምገዋል። በመካከሉ ደግሞ ሦስት አፍ ያላት ትንሽ ቫልቭ አለች፤ ተን ወደ ጣሳው ታስወጣለች፣ አየር ወደ ሰልባቲዮ ታስገባለች፣ ግፊት ሲበዛም ታስተነፍሳለች። ሦስት ሥራ ለአንድ ዕቃ! አንዱንም በወጉ እንደማትሠራ ያኔውኑ አውቄያለሁ።

ደግሞ የዛሬው ቤንዚን ራሱ ሰካራም ነው። 10 በመቶ ኢታኖል ይጨምሩበታል፤ አልኮሉም ያረጀውን የጎማ ቱቦ በልቶ ይሰነጥቀዋል። ሰልባቲዮው ያለው ከኋላው ኮፈን ውስጥ ስለሆነ አምና ፋሲካ ላይ የባለቤቴ ነጠላ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ቤተ ክርስቲያን ገባን። እሷ ሦስት ቀን አኮረፈች። እኔም የዘመኑን ኮተት አልታገሥም ብዬ ያቺን ቫልቭ ነቅዬ ጣልኳት፤ ቱቦውንም በቡሎን ጥርቅም አድርጌ ወተፍኩት። ሽታው ጠፋ። እንዲህ ነው የድሮ ሰው ሥራ! ከዚያ ወዲህ ነው መኪናይቱ መቆም የጀመረችው፤ ዕቃው የዘንድሮ ስለሆነ አይበረክትም።

ዞሮ ዞሮ የዘመዴን ልጅ ጠራሁት፤ መካኒክ ነው ይሉታል። መጣና መሪው ሥር ተደፍቶ የኮምፒውተሩን መሰኪያ ይፈልጋል! ያ መሰኪያ አሜሪካ ውስጥ ግዴታ የሆነው ከ1996 ሞዴል ወዲህ ነው፤ የእኔዋ ያኔ 22 ዓመቷ ነበር። ፒያሳ የነበረው ጣሊያን መካኒክ ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ደግፎ የትኛው ካንዴላ እንደሞተ ይናገር ነበር፤ እኔ ራሴ አላየሁም፤ ያዩ ናቸው የነገሩኝ።

ባለቤቴ ደግሞ ለእንግዳ ክብር ብላ ጋራዡ በር ላይ ከሰል ልታያይዝ ስትል ልጁ «እትዬ፣ እንዳያደርጉት!» ብሎ ጮኸ። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሳባል አለ። ቡናው ማድ ቤት ተፈላ፤ እኔም ጀበናው ገና ሳይሰክን ተጠራሁ።

«አባባ፣ ይህን ቱቦ በቡሎን የወተፈው ማነው?»

«አንተ ሥራህን ሥራ!» አልኩት። የዛሬ ልጆች ጥያቄ ሲያበዙ!

ቡሎኑን ነቀለ፣ አልኮል የሚችል አዲስ ቱቦ ዘረጋ። አዲስ ቫልቭ እኔው በስልኬ አዘዝኩ፤ ተኝቼ፣ በሁለት ቀን በሬ ላይ ደረሰ፤ ስልክ ሰውን እንዴት እንዳሰነፈው! የከሰሉን ጣሳ ቢነቅለው በቤንዚን ርሶ ከብዷል። «አባባ፣ ሲሞሉ ማደያው ቀጭ ካለ በኋላ ይጨምራሉ?» አለኝ። እጨምራለሁ እንጂ! ብርሌም ጢም፣ ሰልባቲዮም ጢም ሲል ነው ደስ የሚለኝ። ለካ ሲትረፈረፍ በተኑ መንገድ ቤንዚኑ ራሱ ጣሳው ውስጥ ይገባል፤ ከሰሉም ይበላሻል። ጣሳውም ተለወጠ።

አሁን ክዳኑን ስከፍት ሽው የለ፣ ሳል የለ። ኮሎምቢያ ፓይክን ከዳር እስከ ዳር ሄጄ ተመለስኩ፤ አንድም ሰው አላናገረኝም። መኪናይቱ ትቆም በነበረ ጊዜ ቢያንስ ሦስት ሰው «ምን ሆነው ነው?» ብሎኛል፤ አንዱ እንዲያውም የጎንደር ልጅ ሆኖ ተገኝቶ ቡና ጋብዞኛል።

ትናንት ቤንዚን ልሞላ ገባሁ። ማደያው ቀጭ አለ። ግራ ቀኝ አየሁ፤ ልጁ የለም። ትንሽ ጨመርኩበት።