«ቴፗ ይሠራል?»

ሮቤ ውስጥ አሮጌ የቤት መኪና ለያዘ ሰው ሰላምታ አይሰጥም፤ «ቴፗ ይሠራል?» ነው የሚባለው። ሞተሯ ይነሳል ወይ፣ ፍሬኗ ይይዛል ወይ ብሎ ነገር የለም። ከሻሸመኔ ተነስታ፣ ዶዶላንና አዳባን አልፋ፣ የዲንሾን ዳገት ወጥታ ወርዳ ከተማ የገባች መኪና ፍሬን እንዳላት ራሷ አስመስክራለች ተብሎ ይታለፋል። ቴፗ ግን ይጠየቃል። የባንኩ ዘበኛ ይጠይቀኛል። የስንዴ ደላላው ይጠይቀኛል። ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ ንፍሮ የያዘ እጁን አፉ ሳያደርስ የጠየቀኝ ጎረቤት አለ።

ይሠራል። ችግሩም እሱ ነው። ጭራሽ ባይሠራ «ተበላሽቷል» ብዬ እገላገል ነበር። የሚሠራው ግን ኋላ በግራ በኩል ባለችው ስፒከር ብቻ ነው። ሙዚቃውን በደንብ የሚሰማው ከሾፌሩ ጀርባ የተቀመጠ ሰው ሲሆን፣ እኔ መሪዬን ይዤ ከኋላዬ ሲንሾካሾኩብኝ እውላለሁ። ነዳጅ ስረግጥ ደግሞ «ዚይይይ» የምትል ቀጭን ድምፅ አብራ ትነሳለች፤ ስረግጥ ትወጣለች፣ ስለቅ ትወርዳለች። የዲናሞ ዘፈን ናት። የቴፑ ማሳ፣ ማለትም ኔጌቲቭ ገመዱ፣ በወጉ ካልታሰረ ከዲናሞው የሚመጣው ኮረንቲ ሞገዱን ይዞ ስፒከሩ ድረስ ይዘልቃል። ሚኒስትሩ መግለጫ እየሰጡ እኔ ዳገት ላይ ከሆንኩ አብራቸው ትዘምራለች።

«ታዲያ ለምን አትቀይራትም?» የሚል አይጠፋም። በምን? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ጭራሽ አይገባም፣ ኤሌክትሪክ ብቻ ተባለ። መልካም። ሳነቴ አምባ ላይ፣ ከ4000 ሜትር በላይ፣ ቻርጅ የሚያደርግልኝ ቀይ ቀበሮው ነው? ስለዚህ የእኔዋ ጀርመን ሠራሽ ጡረታ የሚባል ነገር የለባትም። ከዲፕሎማት ወደ አንድ ኤንጂኦ፣ ከኤንጂኦው ወደ ስንዴ ነጋዴ፣ ከነጋዴው ወደ እኔ መጥታለች። ከእኔ በኋላ ለማን እንደምትሆን ልጆቼ ከአሁኑ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ የሚከራከሩት ላለመውሰድ ነው።

ደግሞ የዚያን ዘመን የቅንጦት መኪና ቴፕ እንዲሁ ቴፕ አይምሰላችሁ። መርሴዲሶች ላይ ይገጠም የነበረው የጀርመኑ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1953 «ሜክሲኮ» የሚለውን ሬዲዮ ሲያወጣ፣ ጣቢያውን ሰው ሳይነካው ፈልጎ የሚያገኝ ነበር። ለ1983 ሞዴል ካዲላክ ሴቪል ስፒከር የሠራው ቦዝ፣ የኤምአይቲው ፕሮፌሰር የአማር ቦዝ ኩባንያ፣ ወንበሩና መስታወቱ ድምፁን እንዴት እንደሚመልሱት እዚያችው መኪና ውስጥ እየለካ ነው የሠራው። ሌክሰስ በ1989 ኤልኤስ 400ን ይዞ ብቅ ሲል፣ ጨመር አድርጎ ለከፈለ ሰው ናካሚቺ ይገጥምለት ነበር፤ ካሴት የሚያውቅ ሰው ናካሚቺ ሲባል ኮፍያውን ያነሳል። እነዚህ ሁሉ ሰዎች የደከሙት ለአንድ ነገር ነው፦ መስታወቱ ተዘግቶ፣ የሞተሩ ድምፅ ጠፍቶ፣ ውስጥ የተቀመጠው ሰው እንዲያዳምጥ።

እኛ ዘንድ ሙዚቃ የሚከፈተው ለውጪ ሰው ነው። መናኸሪያ ቆሞ «ጊኒር! ጊኒር!» የሚያስጠራ ሚኒባስ የሚያስጮኸው ለተሳፋሪው አይደለም፤ እሱማ ገብቶ ተቀምጧል፣ የት ይሄዳል? ገና ላልገባው ነው። 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ባለች ከተማ፣ በኅዳር ብርድ፣ አራቱንም መስታወት አውርዶ የሚያልፍ ወጣት ብታዩ ሙቀት አስጨንቆት አይደለም። ቤዝ እያከፋፈለ ነው።

የእኔ የመጀመሪያው ቴፕ ግን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ለውስጥ ሰው የተሠራ ነበር። መጥፎ ስም ያተረፈብኝ አንድ ሌሊት ባትሪዬ ሲሞት ነው። ባትሪው ተነስቶ፣ ቻርጅ ተደርጎ ሲመለስ ቴፑ መስኮቱ ላይ «ኮድ» ብሎ ጻፈ። አውሮፓ ውስጥ የመኪና ቴፕ ሌባ መከራ ባሳየበት ጊዜ የመጣ ዘዴ ነው፤ ከባትሪው ከተነጠለ ቁጥሩን ካልነገሩት አይከፍትም። እኛ አገር የሰረቀው ሰው የሚያስከፍትበት አያጣም፤ ሶማሌ ተራ የማይከፈት ነገር አለ እንዴ? የማይከፈተው ለባለቤቱ ብቻ ነው።

ለሐጂ ደወልኩ፤ መኪናዋን ለሸጡልኝ።

«አሰላሙ አለይኩም ሐጂ። የመኪናዋን ኮድ ፈልጌ ነበር።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ኮድ 2 ናት እኮ! ሊብሬው ላይ አለልህ።»

«የሰሌዳዋን አይደለም ሐጂ፣ የቴፑን።»

ዝም አሉ። ቆይተው፣ በሐዘኔታ፣ «ቴፕም ሰሌዳ አወጣ?» አሉኝ። እሳቸው ቴፑን ከፍተውት አያውቁም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀዳዳ ደረሰኝ ማስቀመጫ ይመስላቸው ነበር። በኋላ እንዳየሁት አንድ የኩንታል ደረሰኝ እውነትም የካሴቱ አፍ ውስጥ ተጣጥፎ ተገኝቷል።

ከሐጂ ወደ ኤንጂኦው። ያኔ የሎጂስቲክስ ኃላፊ የነበረውን ሰው በሰው በሰው አፈላልጌ አገኘሁት። «ጋሼ፣ ፕሮጀክቱ እኮ ፌዝ አውት አድርጓል» አለኝ። የኮዱ ካርድስ? «ሰነዶቹም አብረው ፌዝ አውት አድርገዋል።» ከኤንጂኦው ወደ ኤምባሲው። ስልክ ያነሳችው ልጅ እየሳቀች አዳመጠችኝና በደብዳቤ እንድጠይቅ ነገረችኝ። ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ የቴፕ ኮድ ስለመጠየቅ» ብዬ፣ ቀንና ቁጥር አድርጌ፣ ለአንድ ሉዓላዊ መንግሥት ተወካይ ጻፍኩ። ባለቤቴ ደብዳቤውን ስታነብ ፊቷ ላይ ያየሁትን አልነግራችሁም።

መልሱ እስኪመጣ የሮቤ ሕዝብ ሥራ አልፈታም። ባለፈ ባገደመ ቁጥር ይገምታል። ዘበኛው የሚስጥር ቁጥር ሁሉ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ነው የሚጀምረው አለ። ጡረተኛው መምህር አብዮቱ የፈነዳበትን ዓመት እንድሞክር መከሩኝ፤ ቴፑ አምስት አሃዝ ይፈልጋል ብላቸው «ወሩን ጨምርበት» አሉ። ይህ ዓይነቱ ቴፕ ደግሞ ደጋግመው ከተሳሳቱበት «ጠብቅ» ብሎ ይቆለፋል። የሚጠብቁት እንደበራ ነው። እንደበራ ሲጠብቁ አሮጌው ባትሪ ይዝላል፤ ባትሪው ሲሞት ቴፑ እንደገና ኮድ ይጠይቃል። ጀርመኖች ይህን ሲያስቡ የእኔን ባትሪ አላወቁም ነበር።

በዚህ መሃል የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይዞ መጣ፤ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሊያሳያቸው። «መቶ ኪሎ ሜትር ያለ ሙዚቃ?» አለ። ያልኩትን ሳይሰማ መኪናዋን መሸት ሲል ወደ ኤሌክትሪክ ሠሪው ይዟት ሄደ። ደርሼ ሳይ ልጁ የፊት ስፒከሩን አውጥቶታል። የወረቀቱ ጠርዝ ዙሪያ ያለችውን ስፖንጅ በጣቱ ነካ አደረጋት፤ ጥቁር ሙጫ ሆና ጣቱ ላይ ቀረች። «ይኸው ጋሼ፣ ሞቷል።» አልሞተም። ያች ስፖንጅ አሥራ አምስት ሃያ ዓመት ሲሞላት በአየሩ እርጥበት ብቻ ትፈረፈራለች፤ ወረቀቱ፣ መጠምጠሚያው፣ ማግኔቱ ደህና ናቸው። ክቧን ስፖንጅ ቀይሮ በማስቲሽ መለጠፍ ነው። ይህን እያስረዳሁት ቴፑን በካቻቪቴ ፈልቅቆ አወጣው። ከኋላው የገመዱ እቅፍ ተከትሎ መጣ፤ ቡናማው፣ አረንጓዴው፣ ሐምራዊው፣ እያንዳንዱ ባለ መስመር፣ ሁሉም አንዲት ሶኬት ላይ የተሰካ። ልጁ ፒንሳውን አነሳና ቆረጠው።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅር። ሶኬቱ እኮ ይነቀላል! በእጅ ይነቀላል። በአሮጌው ሶኬትና በአዲሱ ቴፕ መካከል የምትገባ ማገናኛ ገበያ ላይ አለች፤ ከአንድ ምሳ አትበልጥም። ያን ገመድ የዘረጋው ሰው ከእሱ በኋላ፣ ሌላ አገር፣ የማያውቀው ሰው ይህን ዳሽቦርድ እንደሚከፍት አስቦ ነው ቀለም የለየለት። የቆረጠው ግን ከእሱ በኋላ ሰው አይመጣም ባይ ነው። አስፋልቱ በተነጠፈ ማግስት ለቧንቧ የሚቆፍረውም፣ የቧንቧውን ቆጣሪ በሲሚንቶ ደፍኖ የሚሄደውም፣ የመብራት ገመድ አንጠልጥሎ «ለጊዜው ነው» የሚለውም ያው ነው። የሚመጣውን ሰው ንቀውታል። የሚመጣው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነኝ! ጮህኩ መሰለኝ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና ገመዶቹን በጥርሱ እየላጠ፣ እያጣመረ፣ በናስትሮ እየጠቀለለ፣ «ጋሼ፣ ድምፅ አይደል የፈለጉት? አሁን ድምፅ ይወጣል» አለኝ።

ወጣ። ፍላሽ የሚበላ፣ ሪሞት ያለው፣ ሰማያዊና ቀይ የሚያብለጨልጭ «ከዱባይ የመጣ» ቴፕ ተገጠመ። ድምፁም ኋላ በግራ ወጣ። የሌሎቹን ገመዶች ማን ከማን ጋር እንዳጋባቸው እሱም ጠፍቶታል።

በማግስቱ ወደ ጎሮ ወረድን። የአጎቴ ልጅ ፈጥኖ ግራውን የኋላ ወንበር ያዘ። አንድ እሱ ሙዚቃ ሲሰማ እኛ እሱን ሰማን፤ አብሮ ይዘፍናላ። ስንዴው አልቆ ግራሩ ሲጀምር፣ ግመሎቹ መንገዱን ይዘው አንለቅም ሲሉ፣ እሱ የዓሊ ቢራን ዘፈን ገና መሃሉ ላይ ነበር።

ሶፍ ዑመር ሲደርሱ ወይብ ወንዝ ከተራራው እግር ሥር ይገባል፤ ባሌ ተራሮች ላይ ተወልዶ፣ ጁባን ሊቀላቀል የሚሄድ ወንዝ እዚያች ጋ ሲደርስ በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ለውስጥ መሄድ መርጧል። የተለካው ዋሻ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአገራችን ከሚታወቁት ሁሉ ረጅሙ። ስሙን የሰጡት ሼክ ሶፍ ዑመር ከዘመናት በፊት እዚህ ተጠልለው ይጸልዩ እንደነበር ይነገራል፤ ዛሬም የሚዘይራቸው አለ። አስጎብኚያችን ባትሪውን ወደ ላይ ሲያበራ ውሃ የፈለፈላቸው ዓምዶች ከወለሉ እስከ ጣሪያው ቆመው ታዩ። እንግዶቹ ዝም አሉ። ከሩቅ ወይብ በድንጋይ ላይ ሲወድቅ ይሰማል፤ ጆሮ ሳይሆን ደረት ነው የሚቀበለው፣ ከግራም ከቀኝም፣ ከፊትም ከኋላም። የአጎቴ ልጅ አንዴ አጨበጨበ፤ ጭብጨባው ዓምዶቹን ዞሮ ሲመለስ ጠበቀና፣

«ይሄ ነው ቤዝ!» አለ።

አስጎብኚው ቅር እንዳይለው ዞሬ አየሁት፤ እሱም ራሱን እየነቀነቀ ይስማማል። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ውጪ ያቆሟት መኪና የእርስዎ ናት? ቴፗ ይሠራል?»

ኤሌክትሪክ ሠሪውን ግን ክፉ ነው እንዳትሉብኝ። በመኸር ወቅት ሲናና ማሳ መሃል ኮምባይነር ሲቆም፣ ዝናብ እየመጣ ስንዴው እንዳይበላሽ፣ በእኩለ ሌሊት በሞተር ሳይክል ሄዶ የሚያስነሳው እሱ ነው። የእኔንም ዲናሞ ብሩሽ ቀይሮ «ሌላ ጊዜ ጋሼ» ብሎ ሳንቲም አልተቀበለኝም። የቴፑን ማሳ እንዲያስተካክል ግን እስካሁን ደፍሬ አልወሰድኩለትም፤ ፒንሳውን ሳይ ሆዴ ይረበሻል።

አሁን ደግሞ ጎባ አንድ የድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ አሉ ተባልኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ፊሊፕስና ግሩንዲግ ሲጠግኑ የኖሩ፣ ስፖንጅ ከጫማ ገበር ቆርጠው የሚለጥፉ። ሱቃቸው የሚከፈተው በገበያ ቀን ብቻ ነው። አንዱ ሰው «ባለፈው ዓመት ዘግተዋል» ይላል፣ ሌላው «ትናንት ቡና ሲጠጡ አይቻቸዋለሁ» ይላል። አሮጌውን ቴፕ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ የተቆረጠውን ሶኬት አብሬ አስሬ፣ ፖርቶ ባጋሊዮ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ባለቤቴ ወደ ጎባ መሄዴን ስትሰማ ዝርዝር ጻፈችልኝ፦ የሐረና ማር፣ ያልተቀላቀለ ከሆነ ብቻ፤ ለበሶ የሚሆን ገብስ፤ ለእህቷ ልጅ የተሰፋ ዩኒፎርም ከልብስ ሰፊው። ልብስ ሰፊው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ስለማይገኝ በጠዋት መነሳት አለብኝ።