ከካዛንቺስ ሲለካ

ጋሼ ስለ አንድ ቦታ ሲነገራቸው መጀመሪያ የምትመጣላቸው ጥያቄ አንዲት ናት፤ «ከካዛንቺስ ምን ያህል ይርቃል?» የሠርግ አዳራሽም ይሁን ሆስፒታል፣ ሻሸመኔም ይሁን ዱባይ፣ መለኪያቸው እሷው ናት። በ2017 መጀመሪያ የካዛንቺስ ቤቶች ፈርሰው እሳቸውም ወደ ገላን ጉራ ከተዛወሩ በኋላ እንኳ መለኪያው አልተቀየረም። አንድ ማታ ከዚያው ከገላን ጉራ ደወሉልኝ።

«ያ አደይ አበባ የሚሉት አዲሱ ስታዲየም ከካዛንቺስ ምን ያህል ይርቃል?»

«ጋሼ፣ አሁን የሚኖሩት ገላን ጉራ አይደለም እንዴ?»

«የተዛወረው ቤቴ ነው። መነሻዬን ማን ነካው?» አሉና እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካዛንቺስ ቶታል ጋ እንድገኝ አዘው ስልኩን ዘጉት። በእግራችን ሄደን ልንለካው ነው።

ለምን በእግር እንደሆነ የማይገባው ሰው ኳስን በቴሌቪዥን ብቻ ያየ ነው። የካዛንቺስ ልጅ የአዲስ አበባ ስታዲየምን «እሄዳለሁ» አይልም፤ «ልውረድ» ነው የሚለው። ባምቢስን ይዞ ቁልቁል ከተንደረደረ መስቀል አደባባይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጩኸቱ ራሱ ጎትቶ ያስገባዋል። የጨርቆስ ልጅ ደግሞ በለገሃር በኩል ይመጣል። ሲኬድ አሰላለፍ ይወጣል። ሲመለሱ፣ ካሸነፉ ይጨፈራል፤ ከተሸነፉ ዳኛው ይከሰሳል፣ ባምቢስ ሳይደረስም ይፈረድበታል። ታክሲ ውስጥ ለአራት ተጣቦ፣ የሰው ክርን ጎን ውስጥ ተሰንቅሮ ይህን ችሎት ማስቻል አይቻልም። የጋሼ ስጋት ይኸው ነው። ሲሚንቶውና ጣሪያው አላስጨነቃቸውም።

ቶታል ጋ ስደርስ ቀድመውኝ ቆመዋል። የጊዮርጊስን ስካርፍ በኮታቸው አንገት ሸጎጥ አድርገው፣ የታጠፈ ካርቶን በብብታቸው ይዘዋል።

«ካርቶኑ ለምንድን ነው ጋሼ?»

«ስታዲየም አይደል የምንሄደው?» ዕድሜ ልካቸውን ሚስማር ተራ ሲሚንቶ ላይ የተቀመጡ ሰው ናቸውና ያለ ካርቶን ኳስ የሚያዩ አይመስላቸውም።

አጠገባቸው የድሮ ሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ልጅ አለ፤ የቡና ደጋፊ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ መቀሱንና መስታወቱን ይዞ ሃያ ሁለት ገብቷል። «ምስክር ነው» አሉኝ ጋሼ። «ሁለት ጊዮርጊሶች ብቻችንን ለክተን ብንመጣ ማን ያምነናል?» እኔን ጊዮርጊስ ብለው የመዘገቡኝ ሳይጠይቁኝ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ የየትኛውም ክለብ ደጋፊ አይደለሁም። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ግን ሁለት ጠላት በአንዴ ይገዛል፤ ስለዚህ ዝም አልኩ።

ጉዞው ገና ሳይጀመር ተጠማዘዘ። መንገዱ ሰፍቶ፣ ንጣፍ ተነጥፎበት፣ ፊት ለፊታችን ተዘርግቷል፤ በቀጥታ መሄድ ይቻላል። ጋሼ ግን ጥቂት ተራምደው ወደ ግራ ታጠፉ፤ እንደገና ወደ ቀኝ ታጥፈው መንገዱ ላይ ተመለሱ። እኛም ተከተልናቸው። ኋላ ዞር ብዬ ባይ የዞርነው በባዶ ሜዳ ነው። እዚያ ጋ የግንብ አጥር ነበረ። አጥሩ ፈርሷል፤ የጋሼ እግር ግን መፍረሱን ገና አልሰማም። ልጁ ሊስቅ ብሎ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው፤ እሱም ዞሮ ነበር።

ኡራኤል ስንደርስ ተሳልመው ቆሙ፤ ትንሽም ቆዩ።

«ለማን ነው እንዲህ የሚለምኑት?» አለ ልጁ።

«ለእናንተ ነው። ፕሪሚየር ሊጉን በ2003 አንዴ አንስታችሁ ጠፍታችሁ ቀራችሁ፤ ያሳዝናል።»

ከኡራኤል እስከ አትላስ ያለው መንገድ በዚህ አለቀ። የጊዮርጊስ ዋንጫ ብዛትና የቡና ደጋፊ ብዛት እየተነሳ፣ የሸገር ደርቢ ያለ ኳስና ያለ ዳኛ በእግረኛ መንገድ ላይ ተካሄደ። ሁለቱም ያነሷቸው ትዝታዎች የድሮው ስታዲየም የመቀመጫ ተራዎች ናቸው፤ ካታንጋ እንዲህ ሲል፣ ዳፍ ትራክ እንዲህ ሲመልስ፣ ከማን አንሼ ሲነሳ፣ ጥላ ፎቅ ያለው ባለ ገንዘብ እጁን አጣጥፎ ሲታዘብ። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ በመካሄዱ የሁለቱም ክለብ ደጋፊ ደርቢውን ቤቱ ተቀምጦ በዲኤስቲቪ ማየት ለምዷል። ይህን ያነሳ ግን አልነበረም። የዛሬው ቲፎዞ ቡድኑ ሐዋሳ፣ ትዝታው ለገሃር፣ ተስፋው ቦሌ ነው።

አትላስን አለፍ እንዳልን ልጁ አንድ ነገር ትዝ አለው። ገና ሲያነሳው ፊቱ በርቷል።

«ጋሼ፣ የዲዛይን ውድድሩን ያሸነፉት አርክቴክቶች መነሻ ያደረጉት ምን እንደሆነ ያውቃሉ? የቡና ፍሬ!»

ጋሼ መሃል መንገድ ላይ ቆሙ። ባጃጅ ጡሩንባ ነፋባቸው፤ አልሰሙትም።

«የምን ፍሬ?»

«የቡና!» ስልኩን አውጥቶ ሊያሳያቸው ሞከረ። ጋሼ ስልኩን አላዩትም፤ እኔን ነው ያዩት። ወደ ዳር እየጎተትኳቸው ያው ንድፍ ከመሶብም እንደተቀዳ ነገርኳቸው፤ ይህም እውነት ነው፤ ባለሙያዎቹ ሁለቱንም ጠቅሰዋል። ቀለል አላቸው። «በመሶቡ እንስማማለን» አሉ። «ስሙስ አደይ አበባ አይደል? አደይ ደግሞ ቢጫ ናት።»

«ቢጫ የእኛም ማልያ ላይ አለ» አለ ልጁ።

«የእናንተ ከቡናማ ጋር የተደባለቀ ነው። አይቆጠርም።»

እዚህ ላይ እኔም እንደ ሽማግሌ ጣልቃ ልግባ ብዬ ስለ ብሔራዊ ቡድኑ አነሳሁ። ሜዳችን የካፍን መስፈርት አላሟላም ተብሎ፣ ዋልያዎቹ ለዓመታት «ባለሜዳ» እየተባሉ በሰው አገር ተጫውተዋል፤ ከጋና ጋር ጆሃንስበርግ፣ ከሴራሊዮን ጋር ሞሮኮ፣ ከኮንጎ ጋር ዳሬሰላም። በሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 አሸንፈን፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ሲያገቡ፣ ሊሎንግዌ ላይ ያየን የማላዊ ሕዝብ ነው። አዲሱ ስታዲየም ሌላ ምንም ባይሠራ እንግዳችንን በገዛ ቤታችን ለመቀበል ያበቃናል፣ አልኩ።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ሊሎንግዌ ከካዛንቺስ ምን ያህል ይርቃል?» አሉ።

«በአውሮፕላን ነው ጋሼ።»

«አባቴ እኮ ግብፅን ስናሸንፍ ለማየት በእግሩ ነው የወረደው።» በጥር 1954 ማለታቸው ነው፤ የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ ተብላ የመጣችው ግብፅ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ተሸንፋ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ የአፍሪካን ዋንጫ ከጃንሆይ እጅ የተቀበለበት ቀን። «ማታ በእግሩ ተመልሶ እራት በላ። አሁን ግብፅን ለማሸነፍ ፓስፖርት ያስፈልጋል።»

ልጁ ለአዲሱ ስታዲየም ጥብቅና ቆመ። ጣሪያው ዝናብ ይከላከላል፤ ወንበሩ ቁጥር ይኖረዋል፤ በጥቅምት 2017 ካፍ ጉባኤውን እዚሁ አዲስ አበባ ሲያደርግ አገራችን እንደ ፈረንጆቹ የ2029ኙን የአፍሪካ ዋንጫ ላዘጋጅ ብላ ጠይቃለች። ጋሼ ከዚህ ሁሉ የሰሙት የወንበሩን ቁጥር ብቻ ነው።

«ጎል ሲገባስ ቁጥሩ ምን ይሆናል?»

«እንዴት ምን ይሆናል?»

ጥቅምት 2005ን ተረኩልን። ሱዳን ካርቱም ላይ 5 ለ 3 አሸንፋን መጥታለች፤ አዳነ ግርማ አንዱን አገባ፤ ሳላዲን ሰይድ ሁለተኛውን ሲደግም፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። «እኔ ሚስማር ተራ ነበርኩ። ኳሷ መረብ ስትነካ ዘለልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ራሴን ሳውቅ አራት ረድፍ ወርጄ፣ በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ወፍራም ሰውዬ አቅፎኝ ያለቅሳል። ግራ እግሬ ላይ ጫማ የለም። ቀኝ እግሬ ላይ ያለውም የእኔ አልነበረም።» ቆም አሉና፣ «እስቲ ንገረኝ፣ የዚያን ቀን የወንበር ቁጥሬ ስንት ነበር?»

ልጁ መልስ አጣ። ከዚያ የማይነካውን ነካ። «አርሰናላችንም እኮ ሃይበሪን ትቶ ኤምሬትስ ሲገባ ደጋፊው እንዲህ ፈርቶ ነበር» አለ።

«ፈርቶስ? እንደ ፈረንጆቹ በ2006 ገባችሁ። ኤፍኤ ካፑን ያነሳችሁት መቼ ነው?»

«በ2014።»

«ስምንት ዓመት ወንበር ሲያሞቁ!»

ልጁ ቦሌ መድኃኔዓለም እስክንደርስ አልተናገረም። በልቤ አዘንኩለት። ዌስትሃሞችም አፕተን ፓርክን ለቀው ኦሊምፒክ ስታዲየም ሲገቡ ሜዳው ራቀን ብለው መጮሃቸውን አንስቼ ላጽናናው አሰብኩ፤ የሚያጽናና ስላልመሰለኝ ተውኩት።

ከመድኃኔዓለም ወደ ኢምፔሪያል አቅጣጫ ሲኬድ ስታዲየሙ ቀስ ብሎ ሳይሆን በአንዴ ነው የሚመጣው። ከሕንፃዎቹ መካከል ሲገለጥ ሦስታችንም ክርክራችንን አቆምን። በፎቶ አይቼዋለሁ፤ ፎቶው ግን ግዙፍነቱን አይናገርም። ከ2008 ጀምሮ ሲገነባ የኖረ፣ የመጀመሪያው ምዕራፉ ብቻ ከሁለት ቢሊዮን ብር በላይ የወሰደ፣ ከ60 ሺህ ሰው በላይ እንዲይዝ የታቀደ ነገር ነው። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ። ከካዛንቺስ አንድ ሰዓት ከምናምን ወስዶብናል፤ አጥሩን የዞርንበት ጭምር።

«ሲኬድ ይቻላል» ብለው ፈረዱ። «ሲመለሱ ግን ዳኛው አትላስ ላይ ተፈርዶበት ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ሥራ ፈት ነው።»

አጥሩ ጋ ደርሰን በቆርቆሮው ቀዳዳ ማየት ጀመርን። በቀዳዳው የሚታየው አንድ የሲሚንቶ ምሰሶና ግማሽ አካፋ ነው። ጋሼ ካርቶናቸውን ዘርግተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እይታውን ከተቀመጡበት ካልፈተኑት ዋጋ የለውም። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ወጣ።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ኳስ» አሉ ጋሼ።

«አባባ፣ እዚህ ኳስ የለም። ገና እየተሠራ ነው።»

«እናውቃለን። ቀድመን መጥተን ነው።»

ጥበቃው ስካርፉን አየ፤ የልጁን ቡናማ ኮፍያ አየ። ሳቁ መጣበት። «ጊዮርጊስና ቡና አብራችሁ? እኔ የሐዋሳ ነኝ።»

ልጁ ወዲያው ነቃ። «ሐዋሳ ከተማ?»

«አዎ። አሁን እኮ እኛ ጋ እየመጣችሁ ነው የምትጫወቱት። ይህን ስትጨርሱ ደግሞ ጥሩንና እኛ እንመጣለን።»

በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ጊዮርጊስና ቡና በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ወገን ሆኑ። ጋሼ ከካርቶናቸው ተነሡ። የሐዋሳ ሰው ለሁለቱ ክለቦች እንግዳ ተቀባይ፣ ለአዲሱ ስታዲየም ደግሞ በረኛ የሆነበትን ዘመን መቼም አልገመቱም። ልጁ «ከማን አንሼ ወዴት በኩል እንደሚሆን ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀው። ጥበቃው ከማን አንሼን አያውቅም። ካታንጋንም አያውቅም። እሱ የሚያውቀው በር ቁጥር አንድን፣ በር ቁጥር ሁለትን ነው። ጋሼና ልጁ ተያዩ፤ አብረው እንደሚያስተምሩት ያለ ንግግር ተስማሙ። ካታንጋ በፀሐይ መግቢያ ይሁን፣ ሚስማር ተራ ትይዩው ይሁን፣ ዳፍ ትራክ ወደ መድኃኔዓለም ያለው ጎን ይሁን እየተባለ አቧራው ላይ በእንጨት ካርታ ተሣለ። የቡናና የጊዮርጊስ ድንበር ላይ ሲደርሱ ብቻ ትንሽ ተገፋፉ።

ጥበቃው ካርታውን አይቶ ራሱን ነቀነቀና መዝገቡን ከፈተ። «ያለ ምዝገባ ማንም እዚህ አይቆምም፤ ደንብ ነው። ስም?»

ጋሼ እስከ አያታቸው ነገሩት።

«የመጡበት ጉዳይ?»

«ቦታ መያዝ።»

«ለመቼ?»

«ለመክፈቻው።»

«መክፈቻው መቼ ነው?»

«እሱን እናንተ ሙሉት፤ እኔ የራሴን ሞልቻለሁ።»

ጥበቃው «ቦታ መያዝ» ብሎ ጻፈ፤ ሲጽፍ አየሁት። ልጁም ቀረብ ብሎ፣ «ለእኔ ከእሳቸው ትይዩ አድርገህ ጻፍልኝ፤ ስዘፍን በደንብ እንዲሰሙኝ» አለ። ተጻፈለት። ከዚያ እስክሪብቶው ወደ እኔ ዞረ።

«አንተስ? የማን ነህ?»

ሦስቱም ጠበቁኝ። ከካዛንቺስ እስከዚህ የሸሸሁት ጥያቄ በመዝገብ ላይ መጣ። መዋሸት አልቻልኩም። «የማንም አይደለሁም» አልኩ።

ጥበቃው ግራ ገብቶት ጋሼን አያቸው። ጋሼ ካርቶናቸውን እያጠፉ፣ ከሱሪያቸው አቧራ እያራገፉ፣ «ጻፍለት እንጂ» አሉ። «ደጋፊ ያልሆነ ሰው የሚቀመጠው ክቡር ትሪቡን ነው።»