እማማን ማን ጠየቃቸው?

ሰመር ሲመጣ የሲያትል ሐበሻ ወሬ ድሮ አንድ ነበር፦ የዘንድሮው የኢትዮጵያውያን ኳስ ውድድር የት ከተማ ነው፣ ትኬት ስንት ገባ፣ ማን ቤት እናርፋለን። አሁን ሌላ ተጨምሯል፤ አላስካ። መርከቡ ከዚሁ ከከተማችን ወደብ ይነሳል። ሳምንቱን ሙሉ ምግቡም አልጋውም ተከፍሎበታል። እናት ከአገር ቤት መጥተዋል፣ የልጆች ትምህርት ቤት ተዘግቷል። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ መርከብ! ፎቶው ብቻ ስንት ያወጣል።

መርከቡን መምረጥ ቀላል ነው። ነገር የሚመጣው ሽርሽሩ ላይ ነው። መርከቡ ጁኖ፣ ስካግዌይና ኬቺካን በቆመ ቁጥር ተሳፋሪው ለጥቂት ሰዓታት ይወርዳል፤ በየወደቡም ለብቻው የሚከፈልበት ነገር ተደርድሮ ይጠብቀዋል። በሄሊኮፕተር በረዶ ላይ ማረፍ፣ ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ በበረዶ ላይ መንሸራተት፣ ባቡር፣ ድብ፣ ዓሣ ነባሪ። የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ሥራ የሚጀምረው ይሄኔ ነው።

በዘመድነት በገባሁባቸው ግሩፖች ሁሉ ድርሻው የተደለደለ ነው። ታላቅ ወንድም፣ ከፋይ ስለሆነ፣ «ሁላችንም አንድ ላይ» ይላል። እህት «እማዬ አትችልም» ትላለች። ጎረምሳው ዋይፋይ የቱ ጋ እንደሚሠራ ይጠይቃል። ምራት ዝም ትላለች፤ ዋጋውን በሰባት ሰው እያባዛች ነው። እማማ ግሩፑ ውስጥ የሉም። ቴሌግራም ሳይችሉ ቀርተው አይደለም፤ በየማለዳው ለዘመድ ሁሉ መዝሙር የሚልኩት እሳቸው ናቸው። እዚህኛው ግሩፕ ውስጥ ግን «እንዳትጨነቅ» ተብሎ ማንም አላስገባቸውም።

ባለፈው ሰመር የታዘብኩት ቤተሰብ እናት የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። ይህን ያዙልኝ። የመጀመሪያው ውሳኔ «እማዬ ብርድ አትችልም» የሚል ነበር። ጁኖ በነሐሴ ቀን ላይ 17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ሌሊት ወደ 10 ዝቅ ይላል። ደብረ ብርሃንም በነሐሴ ከዚህ እምብዛም አትርቅም፤ እማማ ይህን አየር ሰባ ዓመት ሙሉ በጋቢ ተወጥተውታል። ልጆቻቸው ግን ወደ ሰሜን ዋልታ በእግሩ ለሚሄድ ሰው የተሰፋ ጃኬት ገዙላቸው። ሳሎን ውስጥ ሲለኩት አላባቸው፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው አወለቁት።

ሁለተኛው ስጋት ከፍታ ነው። ከስካግዌይ የሚነሳው ባቡር ዋይት ፓስ የሚባለውን ተራራ ይወጣል፤ እህት «ሽቅብ ሲወጣ እማዬን ራሷን ቢያማትስ?» ብላ ጻፈች። የመተላለፊያው ጫፍ 873 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ትገኛለች። ባቡሩ እያቃሰተ ወጥቶ የሚደርስበት ቦታ ከእማማ ጓሮ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው።

ስለዚህ ባቡር ትንሽ ልበል፣ ስለምወደው ነው። የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1898 እስከ 1900 ድረስ፣ የካናዳው የክሎንዳይክ ወርቅ ዓለሙን ባሳበደበት ዘመን ነው። የእኛም የጅቡቲ ሐዲድ በእነዚያው ዓመታት በረሃውን እያቋረጠ ነበር። የኛ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ የእነሱ 91 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ጠባቡ የእነሱ ነው፤ ይህን በግሩፑ ላይ ጽፌ ማንም ላይክ አላደረገልኝም። ባቡሩ ከመሠራቱ በፊት ወርቅ ፈላጊው ያንን ገደል በእግሩ ነበር የሚወጣው፤ የካናዳ ፖሊሶች ደግሞ የዓመት ስንቅ ያልያዘውን ድንበሩን አያሳልፉም ነበርና ሰው ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ ጓዝ እየተመላለሰ ያጓጉዝ ነበር። እህታችን ለሰባት ቀን የሸከፈችውን ቆሎ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ላየ ፖሊሶቹ እሷን ያለ ጥያቄ ባሳለፏት ነበር ያሰኛል።

በእግር መሄዱም አከራከረ። ጁኖ አጠገብ ሜንደንሆል የሚባል የበረዶ ግግር አለ፤ ከጎኑ እስካለው ፏፏቴ ደርሶ መልስ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ሜዳ መንገድ ነው። «እማዬ ሦስት ኪሎ ሜትር? ዊልቸር እንከራይ።» በዚያው ሳምንት እማማ የሚያደርሳቸው ሰው አጥተው ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ደርሰው ተመልሰዋል። ጉልበቱን የሚያመው ታላቅ ወንድም ነው፤ እሱን ግን ማንም ዊልቸር ላይ አላስቀመጠውም፤ ከፋይ ነዋ።

ሄሊኮፕተሩ የወንድም ምርጫ ነበር። ዋጋው በሰው በመቶዎች ዶላር ስለሆነ ምራት ማባዛቱን ትታ መጸለይ ጀመረች። ከዋጋው ይልቅ የከበደው ግን ሚዛኑ ነው። ሄሊኮፕተር ሰውን በኪሎው ነው የሚደለድለው፤ ብዙዎቹ ከ113 ኪሎ በላይ ለሆነ ሰው ተጨማሪ ያስከፍላሉ። «ክብደታችሁን ጻፉ» የሚል መልእክት እንደወጣ ቀኑን ሙሉ የሚንጫጫው ግሩፕ ጸጥ አለ። በኋላ ከተጻፉት ቁጥሮች አብዛኞቹ የሠርግ ቀን ክብደት ነበሩ። ቢዋሹም አይጠቅማቸውም፤ ከመሳፈር በፊት ሚዛን ላይ ያወጧቸዋል። ያም ሁሉ አልፎ ጉም ከወረደ በረራው ይሰረዛል።

ኬቺካን ላይ «ዝናብ ከሆነስ?» ተባለ። ከተማው በዓመት 3,800 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብበታል፤ አዲስ አበባ ከምታገኘው ሦስት እጥፍ ገደማ። እዚያ ዝናብ የሚያሰርዘው ነገር ቢኖር ከተማው ራሱ ይሰረዝ ነበር።

ጁኖ ላይ ደግሞ በእንጨት ፍም የሚጠበስ ሳልመን የሚበሉበት ግብዣ ተመረጠ። ቀኑ ሲታይ ፍልሰታ ውስጥ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሦስት ቀን ወስዶ ሁለት ዘመድ አኳረፈ። በዚያ ወቅት ሳልመኑ ወንዝ ሽቅብ ይወጣል፣ ድቡም ዳር ቆሞ እያፈሰ ይበላል፤ እሱ እንኳ የሚያማክረው የለውም።

በመጨረሻ ነገሩን የፈታው ጎረምሳው ነው። እራት ላይ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «አያቴ፣ አንቺ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?» አላቸው። ቤቱ ሁሉ ደነገጠ። እማማ አላመነቱም፦ «ዮናስን የዋጠውን ዓሣ።»

«ጀልባ ያዞራታል» ተብሎ ከመጀመሪያው ቀን የተሰረዘው ዓሣ ነባሪው ነበር። ጁኖ አካባቢ ሰመርን የሚያሳልፉት ሃምፕባክ የሚባሉት ብዙዎቹ ክረምቱን ሃዋይ ከርመው የሚመጡ ናቸው፤ የሚታዩትም መስኮት፣ መቀመጫና መጸዳጃ ካላቸው ጀልባዎች ነው። ልጁ ስልኩን አየና የዚህ ዓሣ ነባሪ ጉሮሮ ጠባብ ስለሆነ ሰው ሊውጥ እንደማይችል ነገራቸው። እማማ ጎርሰው ሲጨርሱ «ያኔ የታዘዘው ሌላ ነዋ» አሉ። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

ግን ሌላ ነገር ተረስቶ ነበር። አብዛኞቹ የሽርሽር መርከቦች የውጭ አገር ባንዲራ ነው የሚያውለበልቡት፤ እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለ መርከብ ከአሜሪካ ተነስቶ አሜሪካ ሲመለስ በመሃል የውጭ ወደብ እንዲነካ ያስገድደዋል። ስለዚህ ከሲያትል የሚነሳው መርከብ ለጥቂት ሰዓት ካናዳ፣ ቪክቶሪያ ላይ ይቆማል። እማማ በጎብኚ ቪዛ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የመጡ ናቸው፤ የካናዳ ቪዛ የላቸውም። ለአራት ወር ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ራሳቸውና ስለ ብርዳቸው የተከራከረው ቤተሰብ ፓስፖርታቸውን የገለጠው መርከቡ ሊነሳ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ጉዞው ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። የጃኬቱ መመለሻ ቀን ግን አልፎ ነበር።

እናንተም ዘንድሮ ካሰባችሁ፣ ከሄሊኮፕተሩ በፊት የእናታችሁን ፓስፖርት ግለጡ። የካናዳ ቪዛ ጊዜ ይወስዳል፤ የአሜሪካው ቪዛቸውም ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ግሩፑ ውስጥ አስገቧቸው።